ንግግር የሚቋረጥበት ቦታ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ጉዳዩ ልግባ።

በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ከታወቁት ማቋረጦች ሁሉ የላቀው በባልና ሚስት መኝታ ቤት የተፈጸመ ነው። ሎሬንስ ስተርን በ1759 ማሳተም በጀመረው «ትሪስትራም ሻንዲ» ውስጥ፣ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ የተራኪው እናት ባሏን በማይሆን ሰዓት «ውዴ፣ የቤቱን ሰዓት መሙላት ረሳህ እንዴ?» ትለዋለች። ባል ይጮኻል፦ ዓለም ከተፈጠረች ጀምሮ ወንድን እንዲህ ባለ የቂል ጥያቄ ያቋረጠች ሴት ነበረች ወይ! ወዲያው አንባቢው ጣልቃ ገብቶ «ለመሆኑ አባትህ ምን እያሉ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ተራኪው «ምንም» ብሎ ይመልሳል። እውነቱን ነው፤ አባትየው የሚናገሩት ነገር አልነበረም። የሚያደርጉት ግን... በአዳራሹ ታላላቆቼ ተቀምጠዋልና እዚህ ላይ ልተወው።

አሁን ያደረግሁትን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገርን ጀምሮ ሆን ብሎ መተውን፣ እንግሊዝኛ ከግሪክ በተዋሰው ስም አፖሲዮፔሲስ ይለዋል። በግሪኩ «ዝም ማለት» ነው። ስተርን ስሙን አሳምሮ ያውቀዋል። በዚያው መጽሐፍ አጎት ቶቢ ስለ ወንድማቸው ሚስት ሊናገሩ ያፈሩትን ነገር ከአፋቸው ሲመልሱት፣ ደራሲው ከጎናቸው ብቅ ይልና ለአንባቢ ያስረዳል፦ እዚህ ላይ ሰረዝ ብታደርግበት አፖሲዮፔሲስ ይሆናል፤ ሰረዙን አንስተህ የገላዋን ክፍል በስሙ ብትጽፈው ደግሞ ብልግና ይሆናል። በሰረዝና በብልግና መካከል ያለው ርቀት አንድ ቃል ብቻ ነው ማለት ነው።

እንግሊዝኛ እንዲህ ያሉ ስሞች ሞልተውታል። ሁላችንም በየቀኑ የምናደርጋቸውን ነገሮች የሚጠሩ ናቸው፤ ስሞቹን የሚያውቃቸው ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። እኔን የሳበኝ ብርቅነታቸው አልነበረም፤ ብርቅ ቃል መሰብሰብ እንደ ቴምብር መሰብሰብ ነው፣ ለሰብሳቢው እንጂ ለጎረቤቱ አይጥምም። የሳበኝ ከስሞቹ በስተጀርባ ያለው ታሪክ ነው። ንግግር በተቋረጠበት ቦታ ሁሉ፣ ሰው ሳያስበው በጮኸበት ቦታ ሁሉ፣ አጠገቡ ሕግ ወይም መቀጮ ወይም ባለሥልጣን ቆሞ ታገኛላችሁ። ማን መጮህ ይችላል? ማንስ ሲጮህ ይሰማል? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ዙሪያ ነው።

ከአፖሲዮፔሲስ ሳንርቅ ሁለት ዛቻዎችን ላወዳድር። በሮማዊው ገጣሚ በቨርጂል «ኤኔይድ» የመጀመሪያ መጽሐፍ የባሕር አምላክ ኔፕቱን፣ ያለ ፈቃዱ ማዕበል ያስነሡትን ነፋሳት ሲቆጣ «እናንተን እኔ...» ይልና ያቆማል። በላቲኑ ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው። ከዚያ መጀመሪያ ባሕሩን ጸጥ ማድረግ ይሻላል ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ያልተነገረው ቅጣት ከተነገረ ሁሉ ይከፋል፤ ልጇን «ቆይ ብቻ! ዋ!» ብላ የምትተው እናትም ይህን ጥበብ ታውቀዋለች። አሁን የሼክስፒርን ንጉሥ ሊርን እንይ። ሁለቱ ልጆቹ አጃቢዎቹን አንድ በአንድ ሲቀንሱበት «በሁለታችሁም ላይ እንዲህ ያለ በቀል እበቀላለሁ፣ ዓለም በሙሉ...» ይልና ይሰበራል። ቀጥሎ «እንዲህ ያሉ ነገሮች አደርጋለሁ... ምን እንደሆኑ ገና አላውቅም» ይላል። ዘይቤው አንድ ነው። ኔፕቱን የሚያቋርጠው ሁሉን ማድረግ ስለሚችል ነው፤ ሊር የሚያቋርጠው ምንም ማድረግ ስለማይችል ነው። የንግግር ዘይቤ መማሪያዎች ሁለቱን በአንድ ስም ጠርተው ማለፋቸው ሁልጊዜ ያስቆጨኛል።

እነዚህን የግሪክ ስሞች እንግሊዝኛ ለማድረግ የሞከረ ሰው ነበር። በ1589 የደራሲው ስም ሳይጻፍበት የታተመና የጆርጅ ፑተንሃም ነው ተብሎ የሚታመን የሥነ ግጥም መጽሐፍ አለ። ፑተንሃም አፖሲዮፔሲስን «የዝምታ ዘይቤ» አለው። በድንገት ከስሜት የሚወጣውን ጩኸት፣ ኤክፎኔሲስን፣ በአጭሩ «ጩኸቱ» ብሎ ጠራው። በቅንፍ ውስጥ የሚገባውን ሐሳብ «ጣልቃ አስገቢው»፣ ምጸትን «ደረቅ ፌዝ»፣ ግነትን ደግሞ «ጯኺው ውሸታም» አላቸው። እንዲህ ያለ ሕያው ስም የትም አይገኝም፤ ሆኖም አንዱም አልጸደቀም። የተማረው እንግሊዛዊ ግሪኩን መረጠ፤ ያልተማረውም ስም ሳያስፈልገው መጮኹን ቀጠለ።

የኤክፎኔሲስ ጥንታዊ ምሳሌ ሮማዊው ተናጋሪ ሲሴሮ ነው፦ «ወይ ዘመን! ወይ ምግባር!» ይህን ያለው በ63 ዓመተ ዓለም በሮም ሴኔት ፊት ካቲሊናን ሲከስስ ነው። ሳያስበው ያመለጠው እንዳይመስላችሁ፤ የተጠና ጩኸት ነው። አናኮሉቶን የሚባልም አለ፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ሌላውን መጨረስ ማለት ነው። ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ምሳሌ አልሰጥም።

ከእነዚህ ይልቅ ከላቲን የመጡት ይበልጥ ይገርሙኛል፤ ሁሉም ውርወራ ናቸውና። ቃለ አጋኖ የምንለውን እንግሊዝኛ ኢንተርጄክሽን ይለዋል፤ «መሐል የተወረወረ» ነው። ኢንተርጃኩሌት የሚል በጣም ብርቅ ግስም አለ፤ በሌላ ሰው ንግግር መሐል ጩኸት መወርወር ማለት ነው። እኅቱ ኢጃኩሌት ናት። ይህች ቃል ከላቲኑ ጦር ወይም ፍላጻ የወጣች ስትሆን፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለዶች ውስጥ ገጸ ባሕርያት በየገጹ «በድንገት ጮኸ» ለማለት በእርሷ ይጠቀሙ ነበር። ዛሬ ከወንድ ዘር ጋር የተያያዘው የሕክምና ትርጉሟ ስላየለ የትኛውም መምህር ያንን ገጽ በክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያስነብብም። የቃሏ አመጣጥ ግን ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው። የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ፕሮባ ለተባለች ሮማዊት መበለት ስለ ጸሎት በጻፈላት ደብዳቤ፣ የግብፅ ገዳማውያን ልባቸው እንዳይዝል ብለው እንደ ፍላጻ በፍጥነት የሚወረወሩ አጫጭር ጸሎቶች እንደሚያዘወትሩ ይነግራታል። እንግሊዝኛም እነዚህን ጸሎቶች በዚያው የፍላጻ ስም ይጠራቸው ነበር። ከግብፅ በረሃ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ወርሳለች፤ «እግዚኦ» አንዱ ነው። በቅዳሴና በምሕላ ተደጋግሞ የሚጮኸው ይህ ቃል ዛሬ ገበያ ላይ የሽንኩርት ዋጋ የሰማች ሴት አፍ ላይ ሲገኝ ከጸሎትነቱ ወጣ ልንል እንችላለን? እኔ አልወጣም ባይ ነኝ።

ሰዋስው ጸሐፊዎች ግን እንዲህ ያሉ ቃላትን በጥሩ ዓይን አይተዋቸው አያውቁም። ግሪኮቹ ከተውሳከ ግስ ጋር ቀላቅለው አለፏቸው። ሮማውያን ለቃለ አጋኖ የራሱን ክፍል የሰጡት በከፊል ለቁጥር ሲሉ ይመስላል፤ ላቲን መስተአምር፣ እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ያለ ቃል፣ ስለሌለው ከግሪኩ ስምንት የንግግር ክፍሎች አንዱ ሲጎድልባቸው፣ ቦታውን ቃለ አጋኖ ሞላው። በ1786 ደግሞ ጆን ሆርን ቱክ የተባለ እንግሊዛዊ የፖለቲካ ሰውና የቋንቋ ተመራማሪ ቃለ አጋኖን እንስሳዊና ቅርጽ የለሽ፣ ከንግግር ጋር ምንም ዝምድና የሌለው፣ መናገር የተሳነው ሰው መጠጊያ ብሎ ሰደበው። የቋንቋ ሊቁ ማክስ ሙለር በ1861 በለንደን በሰጣቸው ዝነኛ ትምህርቶች፣ ቋንቋ ከስሜት ጩኸት ተወለደ የሚሉትን ሰዎች ንድፈ ሐሳብ በእንግሊዞች የንቀት ጩኸት «የፑህ ፑህ ንድፈ ሐሳብ» ብሎ ተሳለቀበት፤ ቋንቋ የሚጀምረው ጩኸት በሚያበቃበት ነው አለ። በእኛም አገር የቀድሞ ሰዋስው ቃለ አጋኖን ከስምንቱ ክፍሎች አንዱ አድርጎ ሲቆጥር፣ በኋላ ክፍሎቹ ሲቀነሱ ከዝርዝሩ ከወጡት አንዱ እርሱ ነው።

እንግዲህ ይህ የተናቀ፣ ከንግግር የማይቆጠር ነገር ከሆነ፣ ለምን ሕግ ወጣበት?

በ1606፣ በቀዳማዊ ጄምስ ዘመን፣ የእንግሊዝ ፓርላማ በተዋንያን ላይ አንድ ሕግ ደነገገ። በመድረክ ላይ የእግዚአብሔርን፣ የኢየሱስ ክርስቶስን፣ የመንፈስ ቅዱስን ወይም የሥላሴን ስም በቀልድ ወይም በድፍረት የጠራ ሰው ለእያንዳንዱ ጥፋት 10 ፓውንድ ይቀጣል። ግማሹ ለንጉሡ፣ ግማሹ ለከሳሹ ነው። በዚያ ዘመን 10 ፓውንድ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ በአንድ ትዕይንት ሁለት ሦስት ጊዜ «በእግዚአብሔር!» ብሎ የማለ ተዋናይ ኪሳራ ላይ ይወድቃል። ተመልካቹም ጆሮውን አቅንቶ የመቀመጥ ጥቅም አለው።

የዚህ ሕግ ጠባሳ በሼክስፒር ገጾች ላይ ይታያል። «ኦቴሎ» በ1622 ለብቻው፣ በ1623 ደግሞ በትልቁ የተውኔቶች ጥራዝ ታትሟል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታነቧቸው፣ በመጀመሪያው ያሉ ከ50 የሚበልጡ መሐላዎችና የስሜት ጩኸቶች በሁለተኛው የሉም ወይም ለዝበዋል። ክፉው ኢያጎ በ1622ቱ እትም የመጀመሪያ ንግግሩን የሚከፍተው «በአምላክ ደም!» ከሚለው ማሕላ ባጠረች ቃል ነው። በ1623ቱ «ነገር ግን ልትሰማኝ አትፈልግም» ብሎ እንደ ጨዋ የቢሮ ሠራተኛ ይጀምራል። ብዙ ምሁራን ይህን ከ1606ቱ ሕግ ጋር ያያይዙታል። እኔን የሚያስቀኝ፣ ሴራው፣ ስም ማጥፋቱና ግድያው ሁሉ ሳይነካ ማለፉ ነው። የተቆረጠው ጩኸቱ ብቻ ነው።

ሕዝብ ግን መላ አያጣም። እንግሊዞች የአምላክን ስም እየሸረፉ መጥራት ከዚህ ሕግ በፊትም ያውቁበት ነበር፤ ከሕጉ በኋላም ቀጠሉበት። ዛውንድስ የሚለው ጥንታዊ ጩኸት «የአምላክ ቁስሎች» ከሚለው የተቀነጠበ ነው። ስትሩዝ «የአምላክ እውነት» ነበር። ጋድዙክስ ደግሞ «የአምላክ ችንካሮች» ከሚለው መጣ ይባላል። የለንደን ሠራተኛ እስከ ቅርብ ጊዜ ሲደነቅ የሚላት ብላይሚ «አምላክ ያሳውረኝ» የሚል ከባድ እርግማን ናት፤ የሚላት ሰው ግን ዓይኑን ሲያሻሽ እንኳ ትዝ አይለውም። ጎሽና ጎሊ «አምላክ» የሚለውን፣ ጂ «ኢየሱስ» የሚለውን ስም የደበቁ ናቸው። «በስመ አብ» ብለን ጀምረን «በስማም!» ላይ የምንጨርስ እኛ ይህን ስልት እንግዳ ነው ልንል አንችልም። ልዩነቱ እኛ የሸረፍነው ለፍጥነት ሲሆን እነርሱ ከኃጢአት ለማምለጥ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አድማጭ ከኋላ ወንበር «ስለ ምልክቱስ?» ብለው አቋረጡኝ። ርእሴ ይህ ሆኖ አለመመለስ ነውር ስለሆነ ከያዝኩት ጽሑፍ ወጥቼ መለስኩላቸው።

እንግሊዞች ዛሬ በጩኸት ስም የሚጠሩትን ምልክት በአሥራ ሰባተኛውና በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን «የአድናቆት ምልክት» ይሉት ነበር። የእኛ ትእምርተ አንክሮ ቃል በቃል ያው ነው፤ አንክሮ መደነቅ ነውና። እነርሱ ከመደነቅ ወደ መጮህ ወረዱ፤ እኛ በመደነቅ ጸናን። በ1668 ደግሞ ጆን ዊልኪንስ የተባለ ቄስና ሳይንቲስት፣ ለሰው ልጅ ሁሉ የሚሆን የጽሑፍ ቋንቋ እቀርጻለሁ ብሎ በተነሣበት መጽሐፉ፣ ምጸት የሚታወቅበት ምልክት ያስፈልጋል አለና የአድናቆቱን ምልክት ዘቅዝቆ አቀረበ። በአገሩ ማንም አልተቀበለውም። እኛ ግን ያንኑ ቅርጽ፣ ¡ ይህን፣ ትእምርተ ሥላቅ ብለን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ እናውቀዋለን። በ1962 ማርቲን ስፔክተር የተባለ የኒውዮርክ የማስታወቂያ ባለሙያ ጥያቄና አድናቆትን በአንድ ምልክት አጣምሮ ኢንተሮባንግ አለው፤ «ምን?!» ለማለት ማለት ነው። አንድ የጽሕፈት መኪና ኩባንያ ቁልፍ እስከማውጣት ደርሶለት ነበር፤ ከዚያ ተረሳ። አድማጩ አመስግነው ተቀመጡ።

ወደ ሕጉ ልመለስ። በመድረክ ላይ መጮህ የከለከሉት እንግሊዞች በመንደር ግን መጮህን ግዴታ አድርገውት ነበር። ሂው ኤንድ ክራይ የሚባለው ሥርዓት በ1285 በዊንቸስተር ሕግ ተጠናክሮ ተደነገገ። ወንጀል የተፈጸመበት ወይም ያየ ሰው ኡኡ ማለት አለበት፤ ኡኡታውን የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ከመንደር መንደር እየተቀባበለ ሌባውን ማሳደድ አለበት። ወንበዴው ካልተያዘ የወረዳው ሰው በጋራ ይጠየቃል። የአባቶቻችንን አውጫጭኝ የሚያስታውስ ሰው አሠራሩ ይገባዋል። ይህ ሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1827 ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባሉት የጀርዚና የገርንዚ ደሴቶች ክላመር ደ ሃሮ የሚባል የኖርማን ሕግ ዛሬም አልተሻረም። ጎረቤቱ አጥሩን ሲያፈርስበት ያየ ሰው፣ ምስክሮች ባሉበት ተንበርክኮ በፈረንሳይኛ «ሃሮ! ሃሮ! ሃሮ! ልዑሌ ሆይ ድረስልኝ፣ በደል እየተፈጸመብኝ ነው!» ብሎ ይጮኻል። በገርንዚ አባታችን ሆይንም ይደግማል። ይህ በተባለበት ቅጽበት አጥር የሚያፈርሰው ሰው መሣሪያውን ማስቀመጥ አለበት፤ ፍርድ ቤት ጉዳዩን እስኪያይ ድረስ አንዲት ድንጋይ ማንሣት አይችልም። ያለ በቂ ምክንያት የጮኸ ደግሞ ራሱ ይቀጣል። ሆርን ቱክ «መናገር የተሳነው መጠጊያ» ያለው ቃለ አጋኖ እዚህ የእግድ ትእዛዝ ሆኖ ቆሟል።

በ1087 ድል አድራጊው ዊልያም በኖርማንዲ በካን ከተማ ሲቀበር አንድ ሰው የቀብሩን ሥርዓት አስቁሞ ነበር። አሴሊን ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራበት ቦታ የአባቴ ነው፣ ዊልያም ነጥቆ ነው የወሰደው፣ በመሬቴ እንዳይቀበር እከለክላለሁ አለ። በሥፍራው የነበሩት ጳጳሳትና መኳንንት እውነት መሆኑን ሲያረጋግጡ ለመቃብሩ ቦታ ብቻ 60 ሽልንግ እዚያው ከፈሉት፤ ለቀረው መሬትም ካሣ ቃል ገቡለት። እንግሊዝን በሰይፍ የያዘ ንጉሥ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ በአንድ ባለርስት ጩኸት ጉድጓድ ጫፍ ላይ ቆመ።

ይህን ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ማስረዳት አያደክምም፤ «በሕግ አምላክ!» የሚባልበት አገር ሰዎች ነን። ዱላ ያነሣ ሰው በሕግ አምላክ ሲባል እጁን ይሰበስባል፤ ካልሰበሰበ ጠቡ ከከሳሹ ጋር ብቻ አይሆንም። ቀድሞ በንጉሡ አምላክ ይባል ነበር፤ የሃሮው ጯኺ ልዑሉን እንደሚጠራ ማለት ነው። «አቤት!»ም አለ። በዳኛ ደጅ፣ በንጉሥ መንገድ ዳር የሚጮኽ የተበዳይ ቃል ነበር፤ «አቤቱታ» የምንለው ወረቀት ከዚህ ጩኸት ነው የተወለደው። ዛሬ ማኅተም ያረፈበት፣ መዝገብ ቤት የገባ አቤቱታ ስታዩ፣ መጀመሪያ ሰው በባዶ እጁ ቆሞ የጮኸው ነገር እንደነበር አስቡ።

አሁን ወደ አዳራሽ እንግባ። ተናጋሪን በጥያቄና በጩኸት ማዋከብን እንግሊዝኛ ሄክል ይለዋል። የተልባ እግር ጭረት፣ ሊፈተል ሲል፣ ጥርሱ የብረት በሆነ ማበጠሪያ ይበጠራል፤ ማበጠሪያው ሄክል፣ ሠራተኛውም ሄክለር ይባል ነበር። በስኮትላንድ የፖለቲካ እጩን በመስቀለኛ ጥያቄ ማበጠር በዚህ ስም ተጠራ። በዳንዲ ከተማ አበጣሪዎቹ በሥራ ሰዓት አንዱ የዕለቱን ጋዜጣ ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው የቀሩት እያቋረጡ ይከራከሩበት ነበር ተብሎ ይተረካል፤ አሠሪዎቻቸውንም በአመፅ ያስቸገሩ ሰዎች ነበሩ። ስድብ መስሎን የምንሰማው ቃል የሙያ ስም ነው ማለት ነው፤ አበጣሪው የሚፈልገው ገለባውን ነቅሎ ጭረቱን ማስቀረት ነው።

ኦክቶበር 13 ቀን 1905፣ ማንችስተር፣ ፍሪ ትሬድ አዳራሽ። የሊበራል ፓርቲ ስብሰባ ነው፤ ተናጋሪው በጥቂት ወራት ውስጥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሚሆኑት ሰር ኤድዋርድ ግሬይ ናቸው። ሁለት ወጣት ሴቶች ከአዳራሹ ተነሡ፤ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛዋ አኒ ኬኒና የሕግ ተማሪዋ ክሪስታቤል ፓንክኸርስት። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ የሊበራል መንግሥት ለሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጣል ወይ? በዚያ አዳራሽ ወንዶች ጥያቄ መወርወራቸው ያረጀ ልማድ ነበር፤ መልስም ያገኙ ነበር። ለእነዚህ ግን መልስ አልተሰጠም። በጽሑፍ አቀረቡ፤ አሁንም ዝም ተባሉ። ወንበር ላይ ቆመው ደግመው ሲጮኹ ተጎትተው ወጡ። ክሪስታቤል በፖሊስ ላይ ምራቋን እንትፍ አለች፤ መታሰር ፈልጋ ነበርና ተሳካላት። መቀጮ ክፈሉ ሲባሉ እንቢ ብለው ክሪስታቤል 7፣ አኒ 3 ቀን ታሰሩ። እስከዚያ ቀን ስለ ሴቶች ምርጫ ብዙም የማይጽፉ ጋዜጦች በማግሥቱ ጻፉ። ለዓመታት የቀረበ ጨዋ ልመና ያላገኘውን ጆሮ አንዲት የማቋረጥ ጥያቄ አገኘችው።

መንግሥት ምን አደረገ? ማቋረጡ እየበዛ ሲሄድ በ1908 የሕዝባዊ ስብሰባ ሕግን አወጣ፤ በሕጋዊ ስብሰባ ላይ ሥራውን ለማደናቀፍ ሥርዓት አልባ ሁኔታ መፍጠር ወንጀል ሆነ። እንግሊዛዊ ወንድ ለትውልዶች ሲያበጥር የኖረበት አዳራሽ፣ ሴት ማበጠሪያውን ባነሣች በሦስተኛው ዓመት ሕግ ተደነገገለት።

የራሱ የፓርላማው አዳራሽ ደግሞ ጩኸትን በሥርዓት ያስተናግዳል። እዚያ ማጨብጨብ አይወደድም፤ የሚደግፍ «ሂር፣ ሂር!» ይላል። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን «እርሱን ስሙት!» ከሚለው የተረፈ ነው፤ ጸጥታን ለማስከበር የተባለው ቃል ራሱ የጩኸት ዓይነት ሆኗል። ተናጋሪን በአግባቡ ማቋረጥ የሚፈልግ ይነሣል፤ ተናጋሪው ከፈቀደ ይቀመጥለታል፣ ካልፈቀደ አይቀመጥም። ከዚህ ውጭ የሆነውን ሁሉ ሃንሳርድ የተባለው ቃለ ጉባኤ «ማቋረጥ» በሚል አንድ ቃል በቅንፍ ዘግቶ ያልፈዋል። የተሰደበው ስድብ፣ የተሳቀው ሳቅ፣ የጮኸው ሰው፣ ሁሉም በዚያች ቅንፍ ውስጥ ተቀብረዋል።

ስም የሌላቸው አቋራጮች ካነሣን አለቃቸው ከፖርሎክ የመጣው ሰው ነው። ገጣሚው ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ በ1816 «ኩብላ ካን»ን ሲያሳትም በመግቢያው እንዲህ ተረከ። በ1797 በሰመርሴት ጠረፍ አንድ ገለልተኛ የእርሻ ቤት ውስጥ የሕመም ማስታገሻ ወስዶ እንቅልፍ ወሰደው፤ በሕልሙ ከ200 የማያንሱ ስንኞች መጡለት። ነቅቶ እየጻፈ ሳለ አንድ ሰው ለጉዳይ ከፖርሎክ መንደር መጥቶ ጠራው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አቆየው። ሲመለስ ግጥሙ ከአእምሮው ጠፍቷል። የቀረልን 54 ስንኝ ነው። ዛሬ «የፖርሎክ ሰው» በእንግሊዝኛ ሥራን በማይሆን ሰዓት የሚያቋርጥ ሁሉ ስም ሆኗል።

ይህ ግጥም ለእኛ ሩቅ አይደለም። ወደ መጨረሻው አካባቢ ገጣሚው በራእይ ያያት ልጃገረድ በገና መሰል መሣሪያ ይዛ የምታዜም አበሻዊት ናት፤ የምታዜመውም ስለ አቦራ ተራራ ነው። በእጅ ጽሑፉ ቅጂ ላይ የተራራው ስም «አማራ» ወደሚለው የቀረበ ነው፤ ይህም በ1667 ሚልተን በ«ገነት መጥፋት» የአቢሲኒያ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት ብሎ የጠራው ተራራ ነው። የነገሥታቱ ልጆች የሚጠበቁበትን አምባ ግሸንን ዝና አውሮፓውያን ከተጓዦች ሰምተው እንዲህ ወደ ገነትነት አሳድገውት ነበር። ኮልሪጅ የዚያችን ልጅ ዜማ በውስጤ መልሼ ማስነሣት ብችል የኩብላ ካንን የደስታ ቤተ መንግሥት በአየር ላይ እሠራ ነበር ይላል።

ብዙ ሐያሲ የፖርሎኩ ሰው ኖሮ አያውቅም፣ ኮልሪጅ ግጥሙን መጨረስ አቅቶት ያመካኘበት ነው ብሎ ይጠረጥራል። እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ኖሮ ከሆነም ያሳዝነኛል፤ የእርሱን ቃል የጠየቀ የለም። ምናልባት ዕዳ ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። የተቋረጠው ሰው ባለብዕር ሲሆን አቋራጩ እስከ ዘላለም ጥፋተኛ ነው።

የመጨረሻው ነገሬ ስለ ትንሿ ማቋረጥ ነው። በ2013 ማርክ ዲንገማንሰ፣ ፍራንሲስኮ ቶሬይራና ኒክ ኤንፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዞች ሳይሰሙ ሲቀሩ የሚሏትን «ኸ?» በተለያዩ አህጉራት ቋንቋዎች አጠኗት። በዝርዝር ከመረመሯቸው አሥር ቋንቋዎች አንዱ በጋና የሚነገረው ሲዉ ነው። በሁሉም አጭር፣ ባለ አንድ ቀለም፣ አፍ ብዙ የማይደክምባት ጥያቄ ሆና አገኟት። ሆኖም እንደ ማስነጠስ ያለች በደመ ነፍስ የምትወጣ ድምፅ አይደለችም፤ በየቋንቋው ጥቂት ትለያለች፤ ልጅም ይማራታል። ስለዚህ ቃል ናት አሉ። ሥራቸው በ2015 ሰውን አስቆ ቀጥሎ የሚያሳስብ ጥናት የሚሸለምበትን የኢግ ኖቤል ሽልማት አገኘ። ሆርን ቱክ ከንግግር ውጭ የጣለው ነገር ከቋንቋዎች ሁሉ የጋራ ቃል ለመሆን የቀረበው ሆነ።

በአማርኛም «እ?» እንላለን፤ ግን ለእኩያ ወይም ለታናሽ ነው። ልጅ ሲጠራ «እ?» ቢል እናቱ «አቤት አትልም?» ትለዋለች። ያው የተበዳይ ጩኸት፣ ያው የዳኛ ደጅ ቃል፣ እዚህ የጨዋነት መልስ ሆኖ ልጁ አፍ ላይ ይቀመጣል። አቤት የሚለው ልጅ አድጎ ለማን «እ?»፣ ለማን «አቤት»፣ ለማን ደግሞ «ወዬ» እንደሚል በሰዋስው መጽሐፍ አይማርም፤ ግን ተሳስቶ አያውቅም። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን ሳታወጡም መጠየቅ ትችላላችሁ።